ቧንቧው ተጠግኖ ኮርኒሱ አልደርቅ ሲል

እህ በሉኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ የአንዲት እናት ቤት ጉዳይ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤታቸውንም አላመላክትም። ከዚህም ከዚያም ቤት ያየሁትንና የሰማሁትን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቤ ነውና የምነግራችሁ፣ «ይቺማ የእኛ ቤት ናት» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ከተማዋ ግን መካነ ሰላም ናት።

ከደሴ ተነሥታችሁ፣ በአቃስታ በኩል የለጋምቦን ውርጫም ደጋ አቋርጣችሁ ስትመጡ ቦረና ትደርሳላችሁ። መካነ ሰላም እዚያ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በስተሰሜን አማራ ሳይንት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ከተማዋን ይጋርዳታል፤ የታጠበ ልብስ ውሎ አድሮም አይደርቅ። ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ቁር ይሆናል። ይህን አየር ልብ በሉልኝ፤ በወጋችን ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

በአያቶቻችን ጊዜ የዚህ አገር ቤት ክዳኑ ሣር ነበር። እሳቱ መሐል ቤት ይነድዳል፤ ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ ክዳኑን ሲያጥነው ይውላል። ወራጁ በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ነቀዝም አይደፍረው። ዝናብ ቢሰርግ እንኳ ከሥር ያለው ሙቀት ሳይውል ሳያድር ያባርረዋል። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ፤ ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዴ ተወጠረ፤ ከአቡጀዴው በኋላ ችፕውድ ተመታ። አሁን የአስፋልቱ ዳር ፎቅ እየበቀለበት ነው፤ ብሎኬት፣ ፌሮ ብረት፣ ሶሌታ። ዱሮ ጣሪያ የሚያርሰው ውሃ ከሰማይ ብቻ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ሮቶ ከራሳችን በላይ ሰቅለን፣ ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት ሠርተን፣ ቧንቧ ሲሚንቶ ውስጥ ቀብረን፣ ከሥሩ አልጋ ዘርግተን እንተኛለን።

እትዬ፣ እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች እትዬ ልበላቸው፣ እንዲህ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አላቸው። ታች እሳቸውና ሴት ልጃቸው ይኖራሉ፤ ላይ አስተማሪዎች ተከራይተዋል። ሰኔ ላይ የሳሎኑ ኮርኒስ ጥግ ላይ የመዳፍ ያህል ቡናማ ነገር ታየ። «ጭስ ይሆናል» ተባለ። ሐምሌ ላይ ሰፋ። ነሐሴ ላይ ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረና ከሥሩ ሳፋ ተቀመጠ።

የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ገና ወጣት ነው፤ ሙያውን ተምሮ ከመጣ ብዙም አልቆየ። ላይ ወጥቶ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሰበረ፤ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ ፈልፍሎ ቧንቧውን አገኘው። ፒፒአር የሚባለው በሙቀት የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ አንዱ ኤልቦ ሲገጠም በደንብ አልሞቀ ኖሮ ከመጋጠሚያው ውሃ ያዥ ነበር። ቆረጠው፣ አዲስ ገጠመ፣ ውሃ ለቆበት ጠበቀ፣ በጣቱም በደረቅ ጨርቅም ዳስሶ አየው። ከዚያ ደፈነው። እትዬም «እጅህ ይባረክ» ብለው፣ ገንዘቡን ከነምርቃቱ ሰጥተው ሸኙት።

ልጃቸው የምትዳረው ለጥር ነው። ድግስ ያለበት ቤት ኮርኒሱ ቡናማ ሆኖ እንግዳ አይቀበልም። መስከረም ሲጠባ ቀለም ቀቢ መጣ፤ ፋቀው፣ ስቱኮ አደረገበት፣ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት እጅ ቀባው። ለመስቀል ኮርኒሱ ነጭ ሆኖ ዋለ። መስቀል ባለፈ በጥቂት ቀን ግን ቡናማው ጠርዝ ከቀለሙ ሥር ተመልሶ ብቅ አለ፤ ቀለሙም በየቦታው አበጠ። እትዬ በመርፌ ቢወጉት ውሃ ፊታቸው ላይ ጠብ አለ።

በዚያች ሰዓት የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ስም ጠፋ። «አታለለኝ! ቧንቧውን ሳይጠግን ሴራሚኬን ሰብሮ ገንዘቤን በላ!» ቡና ላይ ተወራ፣ ገበያ ላይ ተወራ። በትንሽ ከተማ ደግሞ የእጅ ባለሙያ ሀብቱ ስሙ ነው። ሊያሠሩት ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሁለት ቤቶች ቀሩበት። ይህን ወግ ለማውጋት ያነሣሣኝም ይኸው ነገር ነው። ውሃው የልጁ ጥፋት ይሁን አይሁን የጠየቀ፣ የመረመረ አንድ ሰው አልነበረም። ኮርኒሱ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ አልተጠገነም። ይኸው ነበር ፍርዱ።

ልጁ እናቱን አስከትሎ ሽምግልና ሄደ። የሄደው ወደ አንድ አዛውንት ግንበኛ ነው፤ ሐጂ ይሏቸዋል። በዚያ ከተማ ከጭቃ ቤት ምርግ አንስተው እስከ ፎቅ ሶሌታ ሙሌት እጃቸው ያልነካው የለም። ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ቡና ተፈላ፤ ኮርኒሱንም ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እቴ፣ ልጁ አበላሽቷል ያልሽው በምን አውቀሽ ነው?»

«ሐጂ ደግሞ! ዓይናችን እያየ? ቢጠገንማ ይደርቅ ነበር።»

«መጠገንና መድረቅ ለየቅል ናቸው። ቧንቧ በአንድ ቀን ይጠገናል። ይሄ ሶሌታ ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። የጠጣውን በምን ቀን ሊተፋው ኖሯል?»

እዚህ ላይ ከሐጂ ልለይና እኔ ጥቂት ልበል። ኮንክሪት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው። ውሃ ሲያገኝ ይመጥጣል፤ ሲለቅ ግን ቀስ ብሎ ነው። የሕንፃ ባለሙያዎች በልምድ ሲገምቱ፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ ለየ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ገደማ ይሰጡታል። የእትዬ ሶሌታ ላዩ ሴራሚክ ነው፤ በላይ በኩል መተንፈሻ የለውም። መውጫው በታች በኩል፣ በሳሎኑ ኮርኒስ ብቻ ነው። እሱንም ቀለም ቀቢው ደፈነው። አየሩ ደግሞ የነሐሴና የመስከረም የቦረና አየር ነው፤ ራሱ ውሃ ጠግቦ የመጣ አየር የሌላውን ውሃ አይቀበልም።

ሆኖም ሐጂ «ይደርቃል፣ ታገሡ» ብለው አልተነሡም። አሮጌ ውሃ ነው ብሎ መገመት ብቻ አይበቃም፤ አዲስ ውሃ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። መጀመሪያ ልጁ ቆጣሪውን ለማየት ሮጠ፤ እሳቸው ጠሩት። «ቆጣሪው የሚነግርህ እስከ ሮቶው ያለውን ነው። ያንተ ቧንቧ ያለው ከሮቶው ወዲህ ነው።» እውነታቸውን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቤቱ የሚጠጣው ከሮቶው ነው፤ ከሮቶው በታች የሚያፈስ ቧንቧ ቢኖር፣ ከመንገድ የሚመጣው ውሃ ከተዘጋ ቆጣሪው ዝም ይላል።

ስለዚህ የሮቶው መግቢያ ቫልቭ ተዘጋ፤ መውጫው ክፍት ሆኖ ቀረ። ልጁ በመሰላል ወጥቶ ረጅም ደረቅ ዱላ እስከ ሮቶው ወለል ሰደደና ውሃው የደረሰበት ላይ በቢላ ጭረት አደረገበት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሙሉ ሌሊትና ቀን ቧንቧ እንዳይከፈት ተባለ፤ ለአስተማሪዎቹም ለእትዬም ጎረቤት በጀሪካን ውሃ አቀበለ። ሒሳቡን ልንገራችሁ፦ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የምትጥል ቀዳዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 4 ሊትር ታፈሳለች፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ላይ ይህ የጥቂት ሚሊሜትር ዝቅታ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን በጭረት ላይ ይታያል። በማግስቱ ዱላው ተመልሶ ሲገባ እርጥበቱ ጭረቱ ላይ ልክ ደርሶ ቆመ።

ሐጂ አሁንም አላበቁም። ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ደህና ሆኖ ቆሻሻውን የሚወስደው ሊያፈስ ይችላል፤ እሱ ሁልጊዜ ውሃ ስለማይዝ የሚያንጠባጥበው ሰው ሲታጠብ ብቻ ነው። የመታጠቢያውን መውረጃ በጨርቅና በላስቲክ አስደፈኑ፤ ወለሉ ላይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ተጠራቅሞ አደረ። ታች ኮርኒሱ ላይ የቡናማው ዙሪያ በእርሳስ ተሰመረ፣ ቀኑም አጠገቡ ተጻፈ። ሲነጋ መስመሩን ያለፈ እርጥበት አልነበረም። ጨርቁ ተነሥቶ ውሃው በመውረጃው ሲለቀቅም ዝም አለ። ባለቀለሙ ውሃ ታች አልታየም።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይህ እርጥበት ከሶሌታው ውስጥ ነው የሚወጣው ወይስ ከሳሎኑ አየር ነው የሚለጠፈው? ሐጂ አንድ ቁራጭ ግልጽ ላስቲክ ኮርኒሱ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አስለጠፉ። እኛ በምንኖርበት ወገን ቢያልበው ኖሮ ከቤቱ እንፋሎት ነው ማለት ነበር። ያላበው ግን በኮርኒሱ ወገን፣ በላስቲኩና በሶሌታው መሐል ነው። እትዬ ወንበር ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው በቅርብ አዩት፤ ከላስቲኩ ጀርባ ጥቃቅን ጠብታዎች ተደርድረው፣ አንዳንዶቹም ተያይዘው ሊወርዱ ሲሉ። ቀስ ብለው ወረዱና ልጁን አዩት። ያኔ ምንም አላሉም።

«ይሄ ሶሌታ ሲሞላ ነበርኩ» አሉ ሐጂ። «በየመሐሉ ብሎኬት የተደረደረበት ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው።»

ነገሩ የተገለጠው ያኔ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ፎቅ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በኮንክሪት ጎድኖቹ መሐል ባዶ ብሎኬት ይደረደርና ላዩ ይሞላል። ክብደቱን ያቀላል፣ ሲሚንቶም ይቆጥባል። ነገር ግን ከላይ የሚሰርገው ውሃ እነዚያ ባዶ ክፍሎች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቧንቧው ከተጠገነ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀስ እያለ ወደ ታች ያልባል። በስቱኮም በቀለምም የሚቆም ነገር አይደለም።

መብራቱ ከብሬከሩ ተዘጋ፤ እርጥብ ኮርኒስና ኤሌክትሪክ አብረው አይሆኑም። ሐጂ በከዘራቸው ጫፍ እየቆረቆሩ ድምፁ የሚጎደጉድበትን፣ ብረትና ጎድን የሌለበትን ቦታ ለዩ። ልጁ ከአንዱ አስተማሪ ክፍል መብራት አምጥቶ በድሪል ቀጭን ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ በሳ። መጀመሪያ ዱቄት ወረደ። ከዚያ እርጥብ ጭቃ መሰለ። ከዚያ ውሃው በቀጭኑ መጣ፤ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት። ሳፋው ሞላ፤ ሌላ ሳፋ ቀረበ። ሁለተኛ ቀዳዳ ከፊቱ ተበሳ፤ ከዚያም ወረደ። ልጁ ድሪሉን እንደያዘ መሰላሉ ላይ ቆሞ ቀረ። እናቱ ከበሩ ሥር «ተመስገን» ብላ አለቀሰች።

ቀለም ቀቢውም በነገሩ ገብቶበት ነበርና እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቡናማው በተመለሰ ሰሞን «ሲንተቲክ ቀለም ደርበን እንዝጋው፣ ያኔ አያልፍም» ብሎ ነበር። ሲንተቲክ እርጥበት አያሳልፍም፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃው በዚያ በኩል ካልወጣ በሌላ በኩል ይሄዳል፤ ወደ ጎን ተሰራጭቶ ፌሮውን ያዝገዋል፣ ልስኑን ያሳብጠዋል። ይህ ስሕተት የቀለም ቀቢው ብቻ አይደለም፤ በስንት ታላቅ ቦታም ተሠርቷል። በዚሁ በወሎ፣ በላሊበላ፣ ከዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያቸው ተሰንጥቆ ውሃ ሲያስገባ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። ዐለቱን የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው የጥገና ሥራ ሬንጁንና ቀለሙን ከላያቸው ማንሣት ነበረበት። ቅዱስ ቦታውን ለማዳን ብለው በቅንነት የቀቡት ሰዎች ሐሳባቸው መልካም ነበር። ዐለቱ ግን መተንፈስ ፈልጓል።

ሌላም ምክር የሰጠ ጎረቤት ነበር፤ ይህኛውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምነግራችሁ። «ከሰል አቀጣጥለን፣ በሩንና መስኮቱን ዘግተን እናሳድርበት፤ በሙቀቱ ይደርቃል» አለ። ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ከሰል በዝግ ቤት? በዚህ ቤት ሠርግ ነው የሚደገሰው እንጂ ለቅሶ አይቀመጥበትም!» ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ይወስዳል። በአገራችን በቁር ሌሊት ስንት ቤተሰብ እንዲህ አልቋል። ላምባ ምድጃም መፍትሔ አይሆንም፤ ከጭሱ ሌላ፣ አንድ ሊትር ላምባ ሲነድድ ከአንድ ሊትር ያላነሰ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤቱ ውስጥ ይለቃል።

ማድረቂያው የጥቅምትና የኅዳር አየር ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ያበጠው ቀለምና ስቱኮ ተፋቆ እስከ ልስኑ ወረደ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ትይዩ ያሉት መስኮቶች ተከፍተው ነፋሱ ሳሎኑን አቋርጦ ያልፋል፤ ማታ ብርዱ ሳይገባ ይዘጋሉ። እትዬ በየእሑዱ ቡናማውን ዙሪያ በእርሳስ ያሰምሩና ቀኑን ይጽፋሉ። መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገቡ ጠበቡ። ቢሰፉ ኖሮ አዲስ ውሃ አለ ማለት ነበር። ጥጉ ላይ ነጭ ጨው ብቅ ሲል ደንግጠው ሐጂን ጠሯቸው፤ «ውሃው እየተነነ ጨውን ትቶት ሲሄድ ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፣ በውሃ አትንኪው» አሏቸው። ጥቁር ሻጋታ የያዘውን ቁራጭ እትዬ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ መስኮት ከፍተው፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና አጠቡት። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳምባ ያቃጥላል።

በዚሁ ሰሞን አንዲት ጎረቤት «የኔም ያፈስሳል፣ ልጁን ላኩልኝ» ብላ መጣች። የእሷ ቤት ግን ቆርቆሮ ነው፤ በላዩ ቧንቧ የለም፣ ዝናቡም ቆሟል። ልጁ ሄዶ አየ። ምክንያቱ ማታ ማታ ከምድጃው የሚወጣው እንፋሎት ነበር። ሙቅ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ይችላል፣ በ5 ዲግሪ ግን 7 ግራም ገደማ ብቻ። የኅዳር ውርጭ ያቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሲነካው የተረፈውን ውሃ እዚያው ይጥለዋል፤ ትኩስ እንጀራ ሞሰብ ውስጥ ሲከደን ክዳኑ እንደሚያልበው ማለት ነው። ቆርቆሮው ያልባል፣ አቡጀዴው ይርሳል፣ ሲነጋ ጠብ ይላል። ልጁ ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጫፍ በኩል ወንፊት ሽቦ ያለው መተንፈሻ ቀደደላትና ማብሰያዋን ወደ ማድ ቤት እንድታወጣ መከራት። የቧንቧ ሥራ አልነበረም፤ ቢሆንም «ያፈስሳል» ብሎ አዲስ ቧንቧ ሊሸጥላት ይችል ነበር። አላደረገም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ላስቲኩ እንደገና ተለጠፈ፤ ቀናት ቆይቶ ሲነሣ ደረቅ ነበር። ያኔ ብቻ ነው ቀዳዳዎቹ የተደፈኑት። ልስኑ ተጠግኖ እስኪደርቅ ተጠበቀ። የቀረው ቡናማ ምልክት ላይ በቅድሚያ ሲንተቲክ ተቀባ፤ ውሃ ቀመስ የሆነው ፕላስቲክ ቀለም የዱሮውን እድፍ ቀልጦ እንዲመጣ ያደርገዋልና። አሁን ሶሌታው ስለደረቀ ሲንተቲኩ የሚያፍነው ውሃ የለም። ከላዩ ነጩ ቀለም ገባ። ቀባዩም ያው የመጀመሪያው ቀለም ቀቢ ነው።

ሠርጉ በጥር ተደገሰ። እትዬ ልጁን ከነእናቱ ጠሩ፤ ከሐጂ ጎን አስቀመጡት፤ በእንግዳ ፊትም «ይሄ ልጅ ቧንቧዬን በነሐሴ ነው የጠገነልኝ፤ ያኔ ስለ እሱ ያወራሁትን ሁሉ አንስቻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የቀሩበት ቀጠሮዎች ተመለሱለት፤ ሌሎችም ተጨመሩ።

በመካነ ሰላም፣ በአቃስታ፣ በከላላ፣ በወግዲ ፎቅ የምትጀምሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ነገር አደራ። ሲሚንቶው ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው ገና በዓይን እየታየ ውሃ ሞልታችሁ፣ በግፊት መለኪያ አስይዛችሁ አሳድሩት፤ ሲነጋ መለኪያው ከወረደ መጋጠሚያውን ፈልጋችሁ አስተካክሉ። የላይኛው መታጠቢያ ቤት ብቻውን የሚዘጋበት ቫልቭ አድርጉለት። ቧንቧው የሚያልፍበትን መስመር ለክታችሁ በወረቀት ሥሉትና ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡት፤ ሐጂ የሚያስታውሱትን ነገ የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።